ተከራይ እንዴት ነው የሚጣራው? ጎጃም ውስጥ ቤት ለምታከራዩ

እኛ ጋ ተከራይ ማጣራት ማለት አብዛኛውን ጊዜ "አገርህ የት ነው? የማን ልጅ ነህ?" ነው። ልጁ ከቢቸና ነኝ ካለና የቤቱ እመቤትም የዛው አካባቢ፣ የእነማይ ወረዳ ሰው ከሆነች በቃ፣ ቡና ተፈልቶ ቁልፍ ተሰጥቶ ያልቃል። እኔ ይሄን ልማድ አልጠላውም፣ ሰው የሚያውቀው ሰው ስሙንም ይጠብቃል። ችግሩ ባህርዳርም ማርቆስም ቡሬም አሁን ቤት የሚፈልገው ብዙው ሰው ስራ ወይ ትምህርት ያመጣው ነው፣ አገሩን ብትጠይቁትም የምታውቁት ሰው አይወጣም፣ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ኪራዩን ከየት እንደሚከፍል አይነግራችሁም።

ስለዚህ ማጣራት ያለባችሁ ሶስት ነገር ነው፦ ሰውየው ነኝ ያለው ሰው ነው ወይ፣ ኪራዩን የሚከፍልበት ገቢ አለው ወይ፣ ከነበረበት ቤት እንዴት ነው የወጣው። ሌላው ሁሉ፣ ፊቱ፣ አለባበሱ፣ አነጋገሩ፣ ብዙ አያስጨንቃችሁ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ህግ ጻፉ

ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አስፍሩት። ኪራዩ ስንት ነው፣ ቤቱ ስንት ሰው ይችላል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው የግል፣ ውሃ በፈረቃ ከሆነ በርሜሉን ማን ነው የሚሞላው፣ የግቢው በር ስንት ሰአት ይዘጋል፣ ከሰል ቤት ውስጥ ይቻላል አይቻልም። ቡሬ ያላችሁ በተለይ የበሩን ነገር አስቡበት፣ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሰራ ሰው የማታ ፈረቃ ሊኖረው ይችላል፣ "ከ3 ሰአት በኋላ በር አልከፍትም" የምትሉ ከሆነ መጀመሪያውኑ ንገሩት።

ከሁሉም በላይ ግን መብራት። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የምጣዱ ነገር ሳይነሳ ሰው እንዳታስገቡ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል፣ አምፖል ግን አሁን ያሉት 10 ዋት ገደማ ናቸው፣ እና ሰርቪስ ቤት የምትኖር በሳምንት ሁለቴ የምትጋግር ሴትና እንጀራ ገዝቶ የሚበላ ወንደላጤ ሂሳቡን እኩል ይካፈሉ ማለት ጠብ መዝራት ነው። አከራይና ተከራይ ከሚጣሉበት ነገር ይሄ ሳይበዛ አይቀርም ባይ ነኝ። ወይ ለየብቻ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡ፣ ወይ ጋጋሪው ይሄን ያህል ይጨምራል ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ።

ይሄ ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው፣ ለመጣው ሁሉ አንድ አይነት ጥያቄ እንድትጠይቁ ያስገድዳችኋል። ለአንዱ ጠብቆ ለአንዱ ላላ ማለት የሚመጣው ህጉ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሲሆን ነው።

ስልክ ላይ አጣሩ

ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ቤቱ ሲያዝ ስለሆነ "እጅግ ጨዋ ልጅ ነው፣ እኔ እጠይቅበታለሁ" ቢላችሁ አትገረሙ፣ ሁሉም ጨዋ ነው ለሱ። ሰውየውን ራሱን በስልክ አናግሩት። እንደዚህ ያለች አጭር ወሬ ትበቃለች፦

"ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ቤት አለ ተብዬ ደላላው ነው ስልክዎን የሰጠኝ።"
"አዎ ልጄ አለ። ለስንት ሰው ነው?"
"ለኔና ለባለቤቴ፣ አንዲት ልጅም አለችን።"
"እሰይ። አሁን የት ነው ያላችሁት? ለምንድነው የምትለቁት?"
"ቀበሌ 14 ነን። አከራያችን ልጁን ሊድር ነው መሰለኝ ቤቱን ፈለገው።"
"ስራህስ የት ነው? መቼስ ነው መግባት የምትፈልጉት?"

እዚህ ጋ ያገኛችሁት ነገር ትንሽ ይመስላል ግን ትልቅ ነው። "ልጁን ሊድር ነው" ያለው ነገር በኋላ አከራዩ ጋ ሲደወል ወይ ይረጋገጣል ወይ ይፈርሳል። የሰዉን ቁጥርም ጻፉት፣ ለሶስት ብሎ ገብቶ ከወር በኋላ ሰባት የሚሆን አለ። ከገጠር የሚመጣ እንግዳ ሌላ ነው፣ ለህክምና የመጣች እናት ሁለት ሳምንት ብትቆይ ማንም አይከለክልም፣ ቋሚ ነዋሪ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቤቱን ስታሳዩ

ቀን ላይ አሳዩ፣ የሚገባው ሰው ሁሉ ቢመጣ ጥሩ ነው፣ ባል ብቻ አይቶ ሚስት ገብታ "እዚህ ነው እንዴ ያመጣኸኝ" ያለችበት ቤት ስንት ነው። ክረምት ላይ ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ካለ ራሳችሁ አሳዩት። ጥሩ ተከራይ ይጠይቃል፦ ውሃው ስንት ቀን ይመጣል፣ ቆጣሪው የማነው፣ ካርታውን ማየት ይቻላል ወይ። ካርታ ሲጠየቅ የሚቆጣ አከራይ አለ፣ አትቆጡ፣ እናንተ መታወቂያ እንደምትጠይቁት እሱም የማን ቤት እንደሚገባ የማወቅ መብት አለው። ውጭ አገር ያለ ወንድማችሁን ቤት የምታከራዩ ከሆነ ደግሞ ውክልናውን አዘጋጁ።

በተቃራኒው ምንም ሳይጠይቅ፣ ክፍሎቹን እንኳን በደንብ ሳያይ፣ "ዛሬ ማታ ልግባ፣ የስድስት ወር በካሽ ልክፈል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቀስ በሉ። ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፣ ቸኩሎም ሊሆን ይችላል። ግን ጥድፊያው ማጣራቱን ለማስዘለል ከሆነ እሱ ራሱ መልስ ነው። ብሩ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ።

ወረቀቶቹ

ፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ፣ ኮፒ ብቻ ሳይሆን ዋናውን። ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያዩ፣ ፋይዳው ላይ ኪውአር ኮድ ስላለ ስልክ ያለው ልጃችሁ ስካን አድርጎ ስሙ ከካርዱ ጋር ይገጥም እንደሆነ ይይላችሁ። ከ18 አመት በላይ የሆነ የሚገባ ሰው ሁሉ መታወቂያ ያሳይ፣ ባልየው ብቻ አይደለም። ኮፒውን ያዙ፣ ዋናውን ግን "መያዣ ይሁነኝ" ብላችሁ እንዳትወስዱ፣ ሰውየው ባንክ ሊሄድ ነው፣ መንገድ ላይ ሊጠየቅ ነው፣ እናንተ ጋ ምን ይሰራል? ቀበሌያችሁ ተከራይ አስመዝግቡ የሚል ከሆነ ደግሞ በገባ ሰሞን አስመዝግቡ፣ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ገቢውን በተመለከተ፣ ሰራተኛ ከሆነ የመስሪያ ቤት መታወቂያና ደሞዙን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ነጋዴ ከሆነ ንግድ ፍቃድ፣ ሁለቱም የሌለው የቀን ስራ የሚሰራ ሰው ከሆነ የባንክ ወይም የቴሌብር እንቅስቃሴውን ስልኩ ላይ ያሳያችሁ። ኪራይ የገቢ ሲሶ መሆን አለበት የሚባል ነገር አለ፣ በኛ አገር ደሞዝና በኛ አገር ኪራይ ግን አስተማሪ ሆኖ ይሄን የሚያሟላ ስንት ይገኛል? እኔ የማየው ሌላ ነው፦ ኪራዩ ተከፍሎ በቀረው ሰውየው ወሩን መብላት ይችላል ወይ። ግማሹን ለኪራይ ከፍሎ ሶስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው መጥፎ ሰው ሆኖ ሳይሆን ሂሳቡ እምቢ ብሎት ያዘገያል።

የመክፈያ ቀኑንም ከደሞዙ ጋር አስማሙት። የመንግስት ሰራተኛ ደሞዙ ወር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ እናንተ በ20 ክፈል ብትሉት በየወሩ ስትጣሉ ልትኖሩ ነው። ማርቆስ ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምታከራዩ ደግሞ ገበሬ ወላጅ ብር የሚይዘው ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ እንደሆነ አስቡ፣ ጥቅምት ላይ እጁ ባዶ የሆነ አባት ጥር ላይ አሟልቶ ሊከፍል ይችላል። ይሄን አስቀድማችሁ ከወላጁ ጋር በስልክ ብትነጋገሩበት ልጁን በየሳምንቱ ከማሳቀቅ ይሻላል።

የድሮ አከራዩ ጋ መደወል

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል ይሄን ነው የምለው። መጀመሪያ ለተከራዩ ንገሩት፣ "የነበርክበት ቤት ልደውል ነው፣ ቅር ይልሃል?" በሉት። ቅር የሚለው ሰው ለምን እንደሆነ ይናገር፣ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ተጣልተው ሊሆን ይችላል።

የአሁኑ አከራይ ብቻ አይበቃም። ለምን መሰላችሁ፣ ተከራዩ ያስቸገረው አከራይ እንዲለቅለት ስለሚፈልግ "ወይኔ ወርቅ ሰው ነው" ሊላችሁ ይችላል። ከዛ በፊት የነበረው አከራይ ግን ምንም የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ እውነቱን ይናገራል። ሁለቱንም ደውሉ።

ደግሞ ስልኩን ያነሳው ሰው እውነት አከራይ መሆኑን እወቁ፣ ጓደኛውን አከራዬ ነው ብሎ የሚሰጥ አይጠፋም። እናንተ ቀድማችሁ "ሁለት ክፍል ነበር አይደል፣ ይሄን ያህል ነበር አይደል የሚከፍለው" አትበሉ። "ስንት ክፍል ነበር የተከራየው? ስንት ይከፍል ነበር? መቼ ገባ?" ብላችሁ ጠይቁና ተከራዩ ከነገራችሁ ጋር አስተያዩት። ጓደኛ ከሆነ እዚህ ጋ መንተባተብ ይጀምራል።

"ጥሩ ሰው ነው?" ብላችሁም አትጠይቁ፣ ጎጃሜ በስልክ የማያውቁት ሰው ጠይቋቸው ሰው አያሙም፣ "ኧረ ደህና ነው፣ እግዜር ይስጠው" ብለው ነው የሚዘጉት። የሚመለስ ነገር ጠይቁ፦ ኪራይ በስንተኛው ቀን ነበር የሚከፍለው? ሲወጣ የመብራትና የውሃ ሂሳብ ዘግቶ ነው? ግድግዳውስ? ከዛ መጨረሻ ላይ "ዛሬ ቤት ቢለምንዎት መልሰው ያከራዩታል?" በሉ። እዚህ ላይ ዝም ካሉ ዝምታውን ስሙት።

ዋስ ወይም ተያዥ

"የማን ልጅ ነህ" የሚለው የኛ ልማድ ስራ ላይ የሚውለው እዚህ ነው። አጎቱ ወይ የስራ ባልደረባው ዋስ ይሁነው። ግን "ዋስ ነኝ" ብሎ መፈረም ብቻ ዋጋ የለውም፣ በ1952 የወጣው ፍትሐብሔር ህግ ቁጥር 1922 ላይ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ከፍተኛው መጠን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ "እስከ ይሄን ያህል ብር" ተብሎ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ። ቋሚ ስራ ላለውና ሁለት አከራይ ለመሰከረለት ሰው ዋስ ማስቸገር አያስፈልግም ባይ ነኝ፣ ገና ስራ ለጀመረ ልጅ ግን ጥሩ ነው።

መወሰን

ሶስቱን ነገር ያሟላ መጀመሪያ የመጣው ሰው ይግባ። ብሄሩን፣ ሃይማኖቱን እያያችሁ አትምረጡ፣ ህገመንግስቱ አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚለው ለጌጥ አይደለም። "ወንደላጤ አላከራይም"፣ "ብቻዋን የምትኖር ሴት አላስገባም" የሚባለውም አይገባኝም፣ ኪራይ ሳያስታውሱት የሚከፍል ወንደላጤ አለ፣ በየወሩ የሚያሯሩጥ ባለትዳር አለ።

እምቢ የምትሉትን ሰው ዛሬ ነገ እያላችሁ አታንከራቱት፣ በዛው ቀን "ለሌላ ሰጥተነዋል፣ እግዜር ያብጅልህ" በሉት። ቀብድ ተቀብላችሁ ከሆነ መልሱ። የመታወቂያ ኮፒውንም መልሱለት ወይ ቅደዱት።

ውልና ቁልፍ

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሁፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል፣ ውሉም ከሁለት አመት እንዳያንስ ያዛል። ከተማችሁ ላይ ስራ ላይ መዋል አለመዋሉን የከተማችሁን ቤቶች ጽህፈት ቤት ጠይቁ። ባይውል እንኳን በጽሁፍ መዋዋሉና በባንክ መቀበሉ ለናንተም ይጠቅማል፣ "ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም" የሚባል ክርክር አይኖርም። የሁለት አመቱ ነገር ደግሞ ማጣራቱን የበለጠ ከባድ ያደርገዋል፣ እንደድሮው "ካልተስማማን በወሩ ውጣ" እያላችሁ ማስተካከል ስለማትችሉ ስህተቱን የምታርሙት ከመግባቱ በፊት ነው።

ቁልፍ በምትሰጡበት ቀን ባዶውን ቤት እየዞራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፦ በር፣ መስኮት፣ ሶኬት፣ ሽንት ቤት፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ካለም እሱንም፣ ከዛ ፎቶዎቹን ለተከራዩ በቴሌግራም ላኩለት። የውሃና የመብራት ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ውሉ ጀርባ ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ የድሮ ተከራይ ያልዘጋው ሂሳብ ካለ አዲሱ ላይ እንዳይወድቅ ቀድማችሁ ዝጉት። ስንት ቁልፍ እንደሰጣችሁም ጻፉ፣ የግቢው በር ቁልፍ ስንት ኮፒ እንዳለው የማያውቅ አከራይ ብዙ ነው።