«አማኝ ሰው አእምሮው ዝቅ ይላል» የሚል ጥናት ሲነበብላችሁ ምን ትላላችሁ?

ባለፈው ፋሲካ ታናሽ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ነበር። ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኩን አወጣና «ሃይማኖተኛ ሰው የማሰብ ችሎታው ዝቅተኛ መሆኑ በጥናት ተረጋገጠ» የሚል ነገር አነበበልን። ከ60 በላይ ጥናት ተሰብስቦ የተገኘ ውጤት ነው አለ። ደሜ ፈላ። «ኒውተን አማኝ አልነበረም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት፣ እሱም መልሶ ጮኸብኝ፣ ቤቱ ተናወጠ። እናታችን ቶናውን እየቀዳች «ለመሆኑ ማንን ጠይቀው ነው?» አለች። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ፣ በየካፌው፣ በየቡድን ውይይቱ እንደሚነሳ ስለማውቅ እንዴት እንደሚፈተሽ የተማርኩትን ልጻፍላችሁ። አማኝ ሁኑ አትሁኑ ይጠቅማችኋል።

ከሁሉ በፊት «ውሸት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ጥናቱ አለ። በ2013 የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲው ሚሮን ዙከርማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር 63 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ መረመረ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ53ቱ ጥናቶች እምነት ጠንከር ሲል የፈተና ውጤት ቀነስ የማለት አዝማሚያ ታየ፤ በ10ሩ ተቃራኒው። በ2020 ጥናቶቹን 83 አድርሶ ደገመው፣ ያው ሆነ። በ2022 ደግሞ የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 89 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን ፈተሹ። አቅጣጫው አልተቀየረም። ይህን ሳታውቁ ከገባችሁ ክርክሩ በመጀመሪያው ደቂቃ ያልቅባችኋል።

ቀጥሎ መጠኑን ጠይቁ። እኔን ያረጋጋኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋር ትንሽ ታገሱኝ። ተመራማሪዎች ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚገልጹት ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ነው። 0 ከሆነ ምንም ግንኙነት የላቸውም። 1 ከሆነ አንዱን ካወቃችሁ ሌላውን ያለ ስህተት ትናገራላችሁ። ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ካለ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል ማለት ነው። በዙከርማን ጥናት ቁጥሩ ከ0.2 ትንሽ አለፍ ይላል፣ በቪየናዎቹ 0.14 ነው፤ ሁለቱም የመቀነስ ምልክት አላቸው።

ይህን በሰው ቁጥር ላስረዳ። ከመንገድ ላይ ሁለት ሰው ጠራችሁ እንበል። ከሁለቱ ማን የበለጠ አጥባቂ እንደሆነ ብቻ ነው የምታውቁት። «በፈተናው ዝቅ ያለው አጥባቂው ነው» ብላችሁ ገመታችሁ። እንዲህ እያላችሁ 100 ጥንድ ሰው ላይ ብትገምቱ ከ55 እስከ 58 ጊዜ ገደማ ይሳካላችኋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳንቲም እየወረወራችሁ ብትገምቱ ደግሞ 50 ጊዜ። ልዩነቱ ይህችው ናት። ለተመራማሪ ትርጉም አላት፣ ብዙ ሺህ ሰው ላይ ስትታይ ደጋግማ ትወጣለችና። ስለ ጎረቤታችሁ፣ ስለ አስተማሪያችሁ፣ ስለ አያታችሁ ግን ምንም አትነግራችሁም። አንድን ሰው በመስቀሉ ወይም በሒጃቧ አይቶ «ይሄ አይገባውም» የሚል ሰው ጥናቱን እየጠቀሰ አይደለም፤ ድሮም የነበረውን ንቀት እያወጣ ነው።

አሁን የእናቴ ጥያቄ። ማንን ጠይቀው ነው? እዚያ ክምችት ውስጥ ያሉት ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት አሜሪካና በሌሎች ምዕራባውያን አገሮች ነው። ብዙዎቹም በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ናቸው። በ2018 አንድ ቡድን 13 አገሮች ውስጥ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲፈትሽ ግንኙነቱ ደካማና ከአገር አገር የሚለያይ ሆኖ አገኘው። የኛ አገር ደግሞ ለየት ያለ ችግር አለበት። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2017 ባወጣው ውጤት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክሶች 98 በመቶው ሃይማኖት በሕይወታቸው በጣም አስፈላጊ እንደሆነ ተናግረዋል። ክፍሉ በሙሉ 98 ያመጣበትን ፈተና አስቡት። ያ ፈተና ጎበዙን ከሰነፉ አይለይም። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልስ በሚሰጥበት ቦታ እምነትን ከምንም ነገር ጋር ማነጻጸር አይቻልም፤ የሚነጻጸር ልዩነት የለማ።

እዚህ ላይ «አገሮችን ያነጻጸረ ጥናትም እኮ አለ» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። እውነቱን ነው። በ2009 ሪቻርድ ሊን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ 137 አገሮችን አነጻጽሮ፣ አይ ኪው (በፈተና የሚለካ የማሰብ ችሎታ ቁጥር) ከፍ ያለባቸው አገሮች ውስጥ የማያምን ሰው ይበዛል ብሎ ጻፈ። እንዲህ ሲባል የአገሮቹ ቁጥር ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ያለ ምክንያት አልልም። ይኸው ሊን ከአንድ ባልደረባው ጋር በ2002 ባወጣው መጽሐፍ ለኢትዮጵያ የሰጠው አይ ኪው 63 ነው። 63! አማካዩ 100 በሆነበት መለኪያ ይህ ማለት አገሩ በሙሉ ትምህርት የማይዘልቀው ነው እንደ ማለት ነው። የተፈተነውስ ማን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ አይደለም፣ ባሕር ዳርም አይደለም፣ ጅማም አይደለም። የተፈተኑት እስራኤል የገቡ የ14 እና የ15 ዓመት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ናቸው፣ 250 ገደማ።

እስቲ እነዚያን ልጆች አስቧቸው። እነሱ በሄዱበት ዘመን ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች ተነስተው ብዙዎቹ በእግር ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ በመንገድና በመጠለያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱባቸው። ከዚያ ቋንቋው አዲስ፣ ፎቁ አዲስ፣ ትምህርት ቤቱ አዲስ የሆነ አገር ገቡ። የገጠር ልጅ ነው፣ ብዙው በወጉ ክፍል ገብቶ አልተማረም። አንድ ቀን ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱ ላይ ክብ፣ መስመርና ነጠብጣብ ተደርድሯል፤ ጥጉ ላይ አንድ ቦታ ተቆርጦ ባዶ ቀርቷል፤ ከታች ስምንት ቁራጭ ተስሏል፣ የሚገጥመውን ምረጥ ይባላል። ፊደል ስለሌለበት ለሁሉም እኩል ነው ይሉታል። ግን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሥዕል ሲያገጣጥም ያደገ ልጅና እርሳስ መያዝ ትናንት የጀመረ ልጅ ያንን ወረቀት በአንድ ዓይን አያዩትም።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ዴቪድ ጹሪኤል የተባለ የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1999 ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆችን እዚያው ከተወለዱ ልጆች ጋር አወዳደረ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ሲፈትናቸው የኛዎቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ከዚያ ጥያቄዎቹ እንዴት እንደሚታሰቡ ቁጭ ብሎ አስተማራቸውና እንደገና ፈተናቸው። ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። እና ያ 63 የሚባለው ቁጥር ምን ነበር የለካው? በእምነታቸው ምክንያት ያን ሁሉ መንገድ የሄዱ ሰዎች ልጆች ላይ የተገኘ ቁጥር ነው፣ እሱን ይዞ «እምነት የበዛበት አገር እንዲህ ነው» ማለት ያሳዝናል።

ሌላው፣ ማሰብ የተባለው በምን እንደተለካ እዩ። አንዳንዱ የአይ ኪው ፈተና ነው፣ አንዳንዱ የትምህርት ውጤት፣ አንዳንዱ እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ ነው፦ ደብተርና እስክሪብቶ አንድ ላይ 110 ብር ናቸው። ደብተሩ ከእስክሪብቶው በ100 ብር ይበልጣል። እስክሪብቶው ስንት ነው? ቶሎ «10 ብር» ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ደብተሩ 110 ሊሆን ነው፣ ድምሩም 120። መልሱ 5 ብር ነው። እኔም መጀመሪያ 10 ነው ያልኩት። ይህ ጥያቄ የሚለካው የመጀመሪያ ሐሳብን ገታ አድርጎ ደግሞ ማየትን ነው። ጥሩ ችሎታ ነው፣ ግን አንድ ችሎታ ነው። የቅኔ ተማሪ ማታ ማታ በቃሉ እያወጣ እያወረደ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሲቆጥር፣ ዜማው ልኩን ጠብቆ፣ ሰሙ አንድ ነገር ወርቁ ሌላ ነገር እንዲል ሲያደርግ የሚሠራው አእምሮ በዚህ እንቆቅልሽ አይታይም። ቁርኣንን 114ቱንም ሱራ በቃሉ የያዘ የወሎ ደረሳም እንደዚያው። ይህን የምለው ሃይማኖት ያበልጣል ለማለት አይደለም። የመለኪያው ቅርጫት ምን እንደያዘና ምን እንደቀረበት እንድታዩ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ። በ2012 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ፣ ማሰብን ይቀሰቅሳል የተባለውን የሮዳንን «አሳቢው» የተሰኘ ሐውልት ፎቶ ያዩ ሰዎች እምነታቸው ለጊዜው ቀነሰ የሚል ውጤት ወጥቶ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች በብዙ እጥፍ ሰው ላይ ሲደግሙት አልተገኘም። መጀመሪያ የወጣው ዜና ግን እስካሁን ይዞራል።

እምነትስ በምን ተለካ? ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነው? መጸለይ ነው? በፈጣሪ መኖር ማመን ነው? የ2013ቱ ጥናት ራሱ ግንኙነቱ ጎላ ብሎ የታየው በልብ ማመን ላይ እንደሆነና በመሳለም በመሄድ ላይ ደከም እንደሚል ጽፏል። ስለዚህ «ሃይማኖተኛ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃችሁም።

ምክንያቱንም አትዝለሉ። አብሮ መሄድ ማምጣት አይደለም። እዚህ ውስጥ ትምህርት የሚባል ትልቅ ነገር ተደብቋል። በ2018 ከ600 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘ ምርመራ እንዳሳየው አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ብቻውን የአይ ኪው ውጤትን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ያህል ከፍ ያደርጋል። በብዙ የምዕራብ አገር ደግሞ ረጅም ዓመት የሚማር ሰው የሚውለው የማያምን በሚበዛበት አካባቢ ነው። በ2016 ሁለት ተመራማሪዎች የዙከርማንን መረጃ መልሰው ሲያዩት ትምህርትና የኑሮ ሁኔታ ከግንኙነቱ ብዙውን እንደሚያስረዱ ጽፈዋል። ሆንግ ኮንግና ታይዋን ውስጥ ደግሞ ሳይንቲስቶቹ ከሕዝቡ ይልቅ ሃይማኖት አለን የሚሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ሆንግ ኮንግ ከሳይንቲስቶቹ 39 በመቶ፣ ከሕዝቡ 20 በመቶ፣ ታይዋን ደግሞ 54 እና 44 በመቶ። እምነት በራሱ አእምሮን የሚያደበዝዝ ቢሆን እንዲህ አይገለበጥም ነበር።

ለኛ ለአማኞቹም አንድ ነገር ልበል። የኒውተንን፣ ኅዋ እየሰፋ መሆኑን ያሰላውን ቄሱን የለሜትርን፣ በ1979 ኖቤል ያገኘውን የሙስሊሙን የአብዱስ ሰላምን ስም መደርደር «አማኝ ሁሉ ሞኝ ነው» ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው። ስለ አማካይ ለሚያወራ ሰው ግን መልስ አይደለም። መጀመሪያ የትኛውን እንዳለ ስሙት። «የማያምን ሁሉ ትዕቢተኛ ነው» ብላችሁም አትመልሱ፤ ያው ስድቡን ማዞር ነው። ደግሞስ ፈጣሪ መኖር አለመኖሩ በፈተና ውጤት አይወሰንም። በፈተና አንደኛ የወጣ ሰው ይሳሳታል፣ መጨረሻ የወጣ ሰው ልክ ይሆናል።

ነገሩን ያመጣው ልጅ ወይም ታናሽ ከሆነ በተለይ ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ከሆነ አትቆጡት። ክፍል ውስጥ ሰምቶት፣ ከቤተሰቡ ጋር እያስተያየው ተጨንቆ ይሆናል። «አሳየኝ፣ አብረን እንየው» በሉት። ቁጥሩ ስንት ነው፣ ማን ላይ ነው የተሠራው፣ በምን ለኩት፣ ትምህርትን ለይተውታል ወይ። አራቱን ጠይቁና አብራችሁ ፈልጉ።

እኔና ወንድሜ ለገና ሲመጣ እንደዚያ አደረግን። ወረቀቱን ከፍተን አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አልተስማማንም፣ እሱ አሁንም ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። ግን ለእማዬ መልሱን ያነበበላት እሱ ነው፤ አብዛኛው አሜሪካ ነው የተጠየቀው እማ፣ ብዙዎቹም ተማሪዎች ናቸው አላት። «እኛ ሰፈር አልመጡማ» አለችና በረካውን ቀዳችለት።