«እሺ» ያለ ደንበኛ ሁሉ አልተስማማም

የግል የሥነ ልቦና ሕክምና ቢሮ የከፈቱ ወጣት ባለሙያዎችን በሙያ እደግፋለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል «ከደንበኛዬ ጋር ተባብሬ ነው የምሠራው» ይሉኛል። ማስታወሻቸውን ስናገላብጥ ግን የሕክምናውን ግብ ባለሙያው ብቻውን ወስኖት አገኘዋለሁ።

ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ይህ ነውና ከእርሱ ልጀምር። አንድ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ይመጣል። ሥራ ከቀየረ ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየነቃ ዐይኑን እንዳፈጠጠ ይነጋበታል። በወሬ መሐል አባቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደሞቱ ይጠቅሳል። ባለሙያው ወዲያው «ያልወጣለት ሐዘን» ብሎ ይጽፋል። በሁለተኛው ቀጠሮ ስለ አባቱ ይጠይቀዋል፤ በሦስተኛውም እንደዚሁ። ሰውየው በትሕትና ይመልሳል፣ «እሺ» ይላል፣ ሂሳቡን ከፍሎ ይወጣል። በአራተኛው ቀጠሮ አይመጣም። ባለሙያው ደግሞ «ለለውጥ ዝግጁ አልነበረም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል።

ሰውየው እኮ የመጣው መተኛት አቅቶት ነው! ሐዘኑ ከእንቅልፉ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ግን ከእርሱ ከራሱ በቀር ማን ያረጋግጣል? «ስለ አባትዎ ሲያነሡ፣ ነገሩ ከእንቅልፍዎ ጋር ይገናኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ለእርስዎስ እንዴት ይታይዎታል? የማይገናኝ ከመሰለዎት በእንቅልፉ እንቀጥል» ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትዝለሏት። ለትሑት ሰው «አይ» የሚልበትን በር የምትከፍትለት እርሷ ናት።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 በባለሙያውና በደንበኛው መካከል ያለውን የሥራ ኅብረት በሦስት ከፍሎታል፤ በግቡ መስማማት፣ ወደ ግቡ በሚወስደው ሥራ መስማማት፣ እና በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ትስስር። ጀማሪዎች በሦስተኛው ጎበዞች ናቸው፤ ፊታቸው ብሩህ ነው፣ ሰው ማድመጥ ይችሉበታል፤ ለዚህም እወዳቸዋለሁ። የቀሩትን ሁለቱን ግን ይዘሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ከ30,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉባቸውን 295 ጥናቶች ያሰባሰበ ትንተና ኅብረቱ በጠነከረበት የሕክምናው ውጤትም የተሻለ ሆኖ እንደሚገኝ አሳይቷል። ስለዚህ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግቡ በደንበኛው ቃል ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ፤ «የሐዘን ሂደትን ማጠናቀቅ» ሳይሆን «ሳልነቃ ማደር እፈልጋለሁ»።

በተቃራኒው ደግሞ ተባብሮ መሥራት ሲባል የራስን ዕውቀት መደበቅ የሚመስላቸው አሉ። ልቧ በድንገት እየመታ ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት፣ ሐኪም መርምሮ ልቧ ጤነኛ እንደሆነ ከነገራት በኋላም «እንዲህ ሲያደርገኝ ልሞት እችላለሁ?» ብላ ስትጠይቅ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ መመለስ ጭካኔ ነው። ሰውነቷ አደጋ በሌለበት ለአደጋ እየተዘጋጀ እንደሆነ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ራሱ ማዞርና መደንዘዝ እንደሚያመጣ፣ ስሜቱም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚበርድ ንገሯት። ከዚያ ከእርሷ ሁኔታ ጋር ይሄድ እንደሆነ ጠይቋት። የአስተሳሰብ ሕክምና (cognitive therapy) መሥራቹ አሮን ቤክ ባለሙያውና ደንበኛው እንደ ሁለት ተመራማሪዎች አንድን ሐሳብ አብረው እንዲፈትኑ ያስተማረው ለዚህ ነው። ፈቃዷ ከሆነ አብራችኋት ደረጃ ውጡ፤ ልቧ ሲመታ ይሆናል ብላ የፈራችው ይሆን እንደሆነ ሁለታችሁም እዩት።

ደንበኛው እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚለማመደው የቤት ሥራ በቀጠሮው የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አይሰጥም። ሳይሠራው ከመጣም «እምቢተኛ» ብላችሁ አትጻፉ። እምቢታ በባለሙያው አነጋገር እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፏል። ሥራው ከብዶት ነው? ጥቅሙ አልታየው ብሎ ነው? እርሱን ጠይቁት።

ክፍያን፣ የቀጠሮ ስረዛን ደንብና የምስጢር ጥበቃን ወሰን በመጀመሪያው ቀን ሳይነጋገሩ መቅረት ለዚህ ሙያ አይመጥንም።

ደንበኛው ስለ ቀጠሮው ያለውን አስተያየት በር ላይ ቆሞ መጠየቅም አይረባም፤ ኮቱን እየለበሰ ያለ ሰው «ጥሩ ነበር» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ከቀጠሮው ሃምሳ ደቂቃ አምስቱን አስቀሩለት። ሌላው የሥነ ልቦና ባለሙያ ስኮት ሚለርና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት አጭር መመዘኛ አራት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፤ መደመጡንና መከበሩን፣ የፈለገውን ጉዳይ መነጋገሩን፣ አሠራሩ የተስማማው መሆኑን፣ በአጠቃላይም ዕለቱ እንዴት እንደነበር። እያንዳንዱ ከ10፣ ድምሩ ከ40 ነው። በየሳምንቱ ሙሉ 40 የሚሰጥ ደንበኛ 31 ከሰጠው ይልቅ ያሳስበኛል፤ 31 የሰጠው የጎደለውን ለመናገር ደፍሯል። ያን ጊዜ ስለ ራሳችሁ መከራከሩን ትታችሁ የትኛው እንደቀነሰበት ጠይቁ። ቅሬታውን በቁጣ የሚገልጽ ሰው አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያመልጣችሁ ግን መልሱ እያጠረ፣ እየዘገየ፣ «ምንም አይደለም» እያለ በዝምታ የሚርቀው ነው።

ደንበኛው ራሱን ሊያጠፋ ይችላል ተብሎ ሲሰጋ ትብብሩ ያበቃል የሚሉም አሉ። አዎን፣ ባለሙያው የማይደራደርበት ግዴታ አለበት። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የነደፉት የደህንነት ዕቅድ ግን የሚጻፈው ከደንበኛው ጋር ነው፤ የአደጋው ምልክቶች በእርሱ ቃል፣ የሚደውልላቸው ሰዎች እርሱ የሚያምናቸው፣ ጎጂ ነገሮችን ከአጠገቡ ማራቁም ከእርሱ ጋር ተመክሮበት።

በግል ቢሮ ደግሞ ብዙ የማይወራ ስህተት አለ፤ ማብቂያውን አለማንሣት። ደንበኛው በቆየ ቁጥር ገቢው ይቀጥላልና ባለሙያው ዝም ይላል፤ ደንበኛውም ላለማስቀየም ዝም ይላል። በየስድስተኛው ቀጠሮ ግቡ የተጻፈበትን የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ አብራችሁ አንብቡትና «የመጡበትን ነገር የት አደረስነው? እንቀጥል፣ ቀጠሮውን እናራርቀው ወይስ እናብቃ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እናራርቀው» ካለ በዚያው ሰዓት ማስታወሻ ደብተራችሁን አውጡና በወር አንድ ጊዜ ያዙለት።