የአየር ንብረት ፍትሕን የሚጠይቅ የወጣቶች ቡድን እንዴት ይደራጃል?

ብዙ የወጣት ቡድን የሚበተነው ሰው አጥቶ ሳይሆን ጥያቄው ሰፍቶበት ነው። «የአየር ንብረት ለውጥ ይቁም» ለሚል ቡድን «እሺ» ወይም «እምቢ» ብሎ የሚመልስ ባለሥልጣን የለም። ስለዚህ ሥራው ከሰልፉ ሳይሆን ከጥያቄው ይጀምራል።

1. ጥያቄውን ማጥበብ

ከ5 እስከ 8 ሆናችሁ ተቀመጡና በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ያድርግ? «የከተማው ምክር ቤት ጎርፍ የሚያጠቃው ሰፈር የውሃ መውረጃ ቦይ እንዲሠራለት በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይያዝለት» ማለት ይቻላል። ከዚያ ጥያቄውን ይዛችሁ ጎርፉ የሚገባባቸው ቤቶች ሂዱ። የአየር ንብረቱን ለለወጠው ብክለት እምብዛም ድርሻ የሌለው ሰው ጉዳቱን ቀድሞ መሸከሙ ነው ነገሩን የፍትሕ ጉዳይ ያደረገው። እነሱ በሌሉበት የተረቀቀ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ቦዩን ስትጠይቁላቸው እነሱን ያሳሰባቸው ከቦታው መነሳት ሊሆን ይችላል።

የጠበበ ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የፓስፊክ ደሴት አገር በሆነችው ቫኑዋቱ ውስጥ ይማሩ የነበሩ 27 የደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች የያዙት አንድ ጉዳይ ነበር፦ መንግሥታት በአየር ንብረት ረገድ ያለባቸውን ግዴታ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ይንገረን። ተማሪ ያንን ፍርድ ቤት በቀጥታ መጠየቅ ስለማይችል መጀመሪያ መንግሥታትን አግባቡ። ቫኑዋቱ ሌሎች አገሮችን አስተባብራ ጥያቄውን ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አቀረበች፤ ጉባኤው በማርች 2023 በስምምነት አጸደቀው፤ ፍርድ ቤቱም በጁላይ 2025 የምክር አስተያየቱን ሰጠ። ስድስት ዓመት ፈጅቷል፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

2. ወሳኙን ማግኘት

ሰፊ ወረቀት መሃል በጥያቄያችሁ ላይ የሚወስነውን ሰው የሥራ ኃላፊነት ጻፉ፤ ዙሪያውን ደግሞ እሱ የሚሰማቸውን። ከእነዚህ ውስጥ ለእናንተ የሚቀርበው ማን ነው? መንገዱ በእሱ በኩል ነው።

3. ሰው ማሰባሰብ

በራሪ ወረቀት ስም ያስመዘግባል፤ ሰው የሚያመጣው ግን ፊት ለፊት ወሬ ነው። አንድን ሰው ለብቻው ለ30 ደቂቃ አነጋግሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ይናገር። ስትለያዩ «ተቀላቀለን» ከማለት ቀን ያለው ትንሽ ሥራ ስጡት፦ «ሐሙስ ሁለት ጓደኞችህን ይዘህ ና።» እመጣለሁ ካለው ግማሹ እንደሚቀር አስባችሁ አቅዱ። በቴሌግራም 300 አባል አለን ብሎ ሰልፍ የጠራ ቡድን 20 ሰው ይዞ ሲቆም ጥያቄውም አብሮ ያንሳል።

4. ስብሰባ

ከ60 ደቂቃ አይለፍ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ሰዓት ጠባቂ በየስብሰባው ይቀያየሩ (ቃለ ጉባኤው ሁልጊዜ ለሴቶቹ ሲተው ልብ በሉ)። እያንዳንዱ ውሳኔ የሠሪው ስምና ቀን ይኑረው፤ ስም የሌለው ሥራ በመጨረሻ መሥራቹ ላይ ይወድቃል፣ መሥራቹ ሲደክም ቡድኑም አብሮ ያበቃል። የፈተና ሳምንታትን በዓመቱ መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉባቸው። ገንዘብ ካለ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይውጣ።

5. አደባባይ መውጣት

ሕጉ ማሳወቅን ብቻ ወይስ ፈቃድን ይጠይቃል? ስንት ቀን ቀደም ብሎ? ይህን ሕግ ከሚያውቅ ሰው አጣሩ። ሰልፍ የሚያሳስር ከሆነ ደብዳቤ፣ የበጀት ውይይት ላይ መገኘት ወይም የጉዳት መዝገብ ማዘጋጀት ይሻላል፤ ድፍረት ብቻውን ስልት አይደለም። ከወጣችሁ ለ25 ሰው አንድ አስተባባሪ፣ ውሃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና ለጋዜጠኛ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ይኑሩ። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ ፊታቸውና የትምህርት ቤታቸው ስም አብሮ የሚታይበት ፎቶ አታውጡ።

6. ከሰልፉ ማግስት

በ48 ሰዓት ውስጥ ለአዲስ መጪዎች ሁሉ ደውሉ፤ ከዚያ ካለፈ ስሜቱ ይበርዳል። ለወሳኙም የመልስ ቀን የጠየቀ ደብዳቤ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። «እናየዋለን» ቢላችሁ ሥራው በበጀቱ ውስጥ የተያዘበትን መስመር ቁጥር ጠይቁ። «ተፈቅዷል» ቢላችሁም ሥራው መጀመሩን ቦታው ድረስ ሄደው በየወሩ የሚያዩ ሁለት ሰዎች መድቡ።