የህንድ ዳል በቤታችሁ፦ ቅመሙ መጨረሻ ላይ የሚገባበት ምስር

ምስር ወጥ የሚሠራ ሰው ዳል ለመሥራት ብዙ አዲስ ነገር መግዛት የለበትም። ምስር ክኩ ያው ነው። ከሙን፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት ጓዳ ውስጥ አለ። የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ መጀመሪያ ሽንኩርት እናቁላላለን፣ በርበሬውን እናበስላለን፣ ምስሩ ከዚያ ይከተላል። ህንዶች ምስሩን ለብቻው ቀቅለው ይጨርሱና ቅመሙን በጋለ ቅቤ አብስለው ከላይ ይደፉበታል። ይህ የመጨረሻ ሥራ ታድካ ይባላል። የዳሉ ጣዕም ያለው እዚያ ስለሆነ ምስሩን ቶሎ እንለፈው።

ለ4 ሰው 1 ብርጭቆ ቀይ ምስር ክክ ይበቃል። ውኃው እስኪጠራ እጠቡት። 4 ብርጭቆ ውኃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምራችሁ ጣዱት። ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ በጭልፋ ግፈፉ፣ እሳቱን ቀንሱ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል። ቲማቲም ከመጀመሪያው አታስገቡ፤ ኮምጣጣነቱ ምስሩ ቶሎ እንዳይበስል ያደርገዋል። ምስሩ ሲለሰልስ 2 የተከተፈ ቲማቲም፣ አውራ ጣት የሚያህል የተፈጨ ዝንጅብል፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ከወጥ ቀጠን ያለ ይሁን፤ ከወፈረ የፈላ ውኃ ጠብ አድርጉበት። ቀይ ሽንኩርት የለውም፣ አልረሳሁትም። ብዙ ቤት ይጨምራሉ፣ ለእኔ ግን ያለሱ ይሻላል።

አሁን ታድካው። ዘይት ከጋለ በኋላ ነጭ ሽንኩርት ልላጥ ማለት አይሠራም። ሁሉንም ቀድማችሁ ከምድጃው አጠገብ ደርድሩ፦ 1 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን፣ በስሱ የተከተፈ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ደረቅ ዛላ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅመም ያልገባበት የበርበሬ ዱቄት። ህንዶች የካሽሚርን በርበሬ የሚወዱት ቀለሙ ደማቅ፣ ማቃጠሉ ግን ለዘብ ያለ ስለሆነ ነው። የወጥ በርበሬያችንን ብትጠቀሙ ምንም አትሆኑም፤ ግን የምትበሉት ወጥ ይሆናል።

ቅቤውም እንዲሁ ነው። የእኛ ንጥር ቅቤ ኮረሪማና በሶብላ ስላለበት ጣዕሙን ይወስደዋል። ጨው የሌለበት ቅቤ ያለ ምንም ቅመም በቀስታ አቅልጡ፤ ውኃው ተንኖ ከሥር ያለው ዝቃጭ ቡና መልክ ሲይዝ አጥልሉት። ለጾም ዘይት ይተካዋል።

ትንሽ መጥበሻ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ በመካከለኛ እሳት አግሉ። አንድ ፍሬ ከሙን ጣሉበት። ወዲያው ቸስ ካለ ደርሷል፤ ዝም ካለ ጠብቁ። ከሙኑን ሙሉውን ጨምሩና ሽታው እስኪያውድ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከዚያ ዛላውና ነጭ ሽንኩርቱ ይግባ። ሽንኩርቱ ጫፍ ጫፉ ወርቃማ ሲሆን እሳቱን አጥፉ። የበርበሬ ዱቄቱን ከጠፋ በኋላ ጨምሩ፤ እሳት ላይ እያለ ከገባ በሰከንዶች ውስጥ ያርና ይመራል። ሳትዘገዩ ምስሩ ላይ ድፉት። ይንጣጣል፣ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ። ግማሽ ሎሚ ጭመቁበት፣ የድንብላል ቅጠል በትኑበት፣ በቃ።

ሂንግ የሚባል ሙጫ መሰል ቅመም ካገኛችሁ ከከሙኑ ጋር ቁንጥር ጨምሩ። ጥሬው ሽታው ያስጠላል፤ ትኩስ ዘይት ሲነካው ግን የተጠበሰ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ካጣችሁት ይቅር።

ታድካው ከክልል ክልል ይለያያል። በደቡብ ህንድ ሰናፍጭና የካሪ ቅጠል ይገባል። ሰናፍጩ ሲፈነዳ ስለሚዘል ክዳን ያዙ። እኔ የምወደው የቤንጋሉን ነው፦ ከሙን፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሰናፍጭና እንስላል፣ አምስቱም ሳይፈጩ በእኩል መጠን ተደባልቀው። ፓንች ፎሮን ይሉታል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅመም ተራ አንዴ ብትዞሩ አምስቱንም ታገኛላችሁ። የከሙኑን ቦታ 1 የሻይ ማንኪያ የዚህ ድብልቅ ይያዝ። አብሹ እንዳይጠቁር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ካረረ ድስቱን ሙሉ ያመረዋል።

ከባስማቲ ሩዝ ጋር ይቀርባል። ሩዙን አጥባችሁ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ አጥልሉ፣ ለ1 ብርጭቆ ሩዝ 1 ተኩል ብርጭቆ ውኃ አድርጋችሁ ከፈላ በኋላ ከድናችሁ 12 ደቂቃ በትንሽ እሳት አብስሉ። ከወረደም በኋላ 10 ደቂቃ ሳትከፍቱት ይቆይ። ቻፓቲ የሚሉት የህንድ ቂጣም ይሆናል። በእንጀራ የበላም አይከሰስም፣ ትንሽ ወፈር አድርጎ ይሥራው እንጂ።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ይረጋል። በሙቅ ውኃ አቅጥናችሁ አሙቁት፤ ታድካውን ግን እንደ አዲስ ሥሩለት፣ የትናንቱ ሽታው ጠፍቷል።