አዲስ መኪና ዘይት መቼ ነው የሚቀየረው? መብራቱ ሌላ ይላል፣ ስቲከሩ ሌላ ይላል

እዚ ዲሲ አካባቢ ኡበርና ሊፍት የምንነዳ ሰዎች ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ወሬው ዞሮ ዞሮ ዘይት ላይ ነው የሚያርፈው። አንዱ በየ3,000 ማይል ካልቀየርክ ሞተሩን ገደልከው ይላል፣ ሌላው መኪናውን የሸጠልኝ ዲለር 10,000 ብሎኛል ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ እንኳን አያውቅም፣ የሚገርመው ሁለቱም የያዙት አዲስ ቶዮታ ካምሪ ነው። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ፣ መጀመሪያ ብሬን በከንቱ በተንኩ ከዛ ደግሞ ሰነፍኩ። አሁን የማምነው ሁለት ነገር ነው፣ ማኑዋሉን (የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ) እና ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን)። የሚያጋጥሙትን ነገሮች አንድ በአንድ ልጻፍላችሁ።

5,000 ማይል ሳይሞላ "ሰርቪስ ደርሷል" የሚል ቢጫ ምልክት መጣ

ቶዮታ የያዘ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። 4,500 ማይል አካባቢ መኪናውን ስታስነሱት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ 5,000 ሲሞላ አልጠፋም ይላል። ሰው ደንግጦ ዘይቱ የተቃጠለ ይመስለዋል። መብራቱ ግን ዘይቱን አይቶትም አያውቅ፣ ካለፈው ሪሴት (ቆጣሪው ወደ ዜሮ ከተመለሰበት) ጀምሮ ማይል ብቻ ነው የሚቆጥረው። ትናንት ዘይት ቀይራችሁ ሪሴት ካልተደረገ ዛሬም ይበራል፣ ቆሻሻ ዘይት ይዛችሁ አንዱ ሪሴት ካደረገላችሁ ደግሞ ዝም ይላል። 5,000 ላይ የሚያስታውሳችሁ ጎማ አቀያይሩ (ሮቴሽን)፣ ፍሬን እዩ ምናምን የሚለውን ነው፣ ዘይቱ በዛ ጊዜ መቀየር አለበት ወይ የሚለው በእናንተ አነዳድ ነው የሚወሰነው።

መፍትሄው ማኑዋሉ ጋ ነው። ሙሉ ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት) ለሚጠቀሙት ቶዮታዎች መደበኛው 10,000 ማይል ወይም 12 ወር ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። ቀጥሎ ግን ማንም የማያነበው ገጽ አለ፣ ከባድ አነዳድ ላለው ሰው 5,000 ማይል ወይም 6 ወር የሚል። ከባድ ማለት ምን ማለት ነው ብትሉ፣ አቧራ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ በብርድ ከ5 ማይል ያነሰ ጉዞ መደጋገም፣ ሞተር እያስነሱ ብዙ መቆም፣ እንደ ፖሊስ፣ እንደ ታክሲና እንደ ቤት ለቤት ዴሊቨሪ ያለ ስራ። ታክሲ የሚለው ቃል በቀጥታ ተጽፏል እኮ! እኛ ነን እንግዲህ።

ሆንዳና ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ትንሽ ይሻላሉ፣ የዘይቱን እድሜ በፐርሰንት ያሳያሉ። እሱም ዘይቱን ቀምሶ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሙቀት፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳ፣ እንዴት እንደተነዳ አይቶ ያሰላል። ሆንዳ 15 ፐርሰንት ላይ ነው ማስጠንቀቅ የሚጀምረው፣ ያኔ ቀጠሮ ያዙ፣ ዜሮ እስኪል አትጠብቁ፣ መኪናው ብዙ የማይነዳ ከሆነም ዓመት ሲሞላው ቀይሩት።

ማይሉ ትንሽ ነው ግን ዘይቱ ያረጀ ይመስላል

ይሄን አንድ ዶርዳሽ (ምግብ ማድረስ) የሚሰራ ጓደኛዬ ነው ያሳየኝ። ሁለታችንም 6,000 ማይል ላይ ነበርን፣ የኔ ዘይት ደህና ነው፣ የሱ ከስሎ ቀጥኗል። ነገሩ ማይል ሳይሆን ሰዓት ነው። አስቡት፣ ቤልትዌይ (ዲሲን የሚዞረው ሃይዌይ) ላይና ወደ ደለስ በሰዓት 50 ማይል አማካኝ የሚነዳ ሰው 10,000 ማይል ለመጨረስ ሞተሩ 200 ሰዓት ይሰራል፣ ከተማ ውስጥ ምግብ እያደረሰ በሰዓት 12 ማይል አማካኝ የሚሄድ ሰው ግን ለዛው 10,000 ማይል 830 ሰዓት በላይ! ቁጥሩ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ነው፣ ሞተሩ የሰራው ስራ ግን አራት እጥፍ። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትሰሩ 5,000 ላይ ቀይሩ፣ ክርክር የለውም። ሃይዌይ የሚበዛባችሁ ግን 3,000 ላይ የምትቀይሩት ለሱቁ ነው እንጂ ለሞተሩ አይደለም።

ስቲከሩ "3,000" ይላል

ዘይት ቀያሪዎቹ መስታወቱ ጥግ ላይ የሚለጥፉት። ምክንያቱ የድሮ ተራ ዘይትና የድሮ ሞተር ልማድ ነው፣ ደንበኛ ቶሎ እንዲመለስም ይጠቅማቸዋል መቼስ። ላጡት።

ገና 1,000 ማይል ነው፣ አጎቴ "አሁኑኑ ቀይር" አለ

የኔ አጎት አዲስ አበባ ጋራዥ የነበረው ሰው ነው፣ መኪናውን ስገዛ ቪዲዮ ደወልኩለት፣ እንኳን ደስ ያለህ ሳይል "ሮዳጅ ላይ ነው፣ አትንዳው በኃይል፣ ሺ ላይ ዘይቱንም ፊልትሮውንም ጣለው" አለኝ። ሮዳጅ የሚለው አዲስ ሞተር የሚላመድበትን ጊዜ ነው። በሱ ጊዜ ልክ ነበር፣ አዲስ ሞተር ሲፋተግ ብረት ብናኝ ይጥል ነበር፣ ያ ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይዞራል። አሁን አሰራሩ ጥራት አለው፣ ሆንዳ እንደውም ከፋብሪካ የመጣውን ዘይት ቶሎ አትጣሉት ነው የሚለው። በኃይል አትንዳ ያለው ግን እስካሁን ይሰራል፣ መጀመሪያ ማይሎች ላይ እስከ ወለል መርገጥ፣ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት መንዳት አይመከርም። እኔ የመጀመሪያውን 5,000 ላይ ቀየርኩ፣ አጎቴም እኔም ግማሽ ግማሽ ተስማማን። (አሁን እሱ ራሱ ጨንቆታል፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ኢትዮጵያ እንዳይገባ ስለተከለከለ ሰፈሩ ኤሌክትሪክ መኪና ሞልቷል፣ "የሞተር ዘይት የሌለው መኪና ምኑን ነው የምሰራው" ይለኛል።)

ዘይቱ 2,000 ማይል ላይ ጠቆረ

ይጥቆራ። ውስጡ ያለው ማጽጃ ኬሚካል ጥላሸቱን ከሞተሩ አንስቶ እየያዘ ነው ማለት ነው፣ ስራውን እየሰራ ነው። በቀለም አትፍረዱ።

ዲፕስቲኩ ላይ ዘይቱ ወርዷል

ይሄ ነው በጣም የሚናቀው። 10,000 ማይል ድረስ አልቀይርም ያለ ሰው መሃል ላይ አያይም፣ ዘይቱ ግን ትንሽ ትንሽ ይቃጠላል፣ አዲስ ሞተር ላይ ደግሞ የፒስተን ፋሻዎቹ ቦታ እስኪይዙ የባሰ ሊበላ ይችላል። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉና 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ዲፕስቲኩን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ እስከ መጨረሻው ክተቱ፣ ሁለተኛ ስታወጡት ያለው ነው እውነቱ። የመጀመሪያው ይዋሻል፣ ዘንጉ ላይ ስለሚቀባባ። ከታችኛው ነጥብ ከቀረበ ያንኑ ዓይነት ዘይት ግማሽ ኳርት (ግማሽ ሊትር ገደማ) ጨምሩና እንደገና ለኩ። እኔ ሁለት ጊዜ ነዳጅ ስቀዳ አንዴ አያለሁ። በየወሩ መጨመር ካስፈለጋችሁ ማይሉን እየጻፋችሁ ዲለር ጋ ሂዱ፣ የዘይት ፍጆታ ቴስት አድርጉልኝ በሉ፣ ዋራንቲ (የአምራቹ ዋስትና) እያለ ነው ይሄ የሚደረገው።

ዘይቱ ጨመረ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል

ዘይት አይወልድም፣ ከጨመረ ሌላ ነገር ገብቶበታል። እዚህ አገር በብርዱ ወራት፣ በተለይ ጥር ላይ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ መመለስ ብቻ የሆነ መኪና ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ይጠራቀማል፣ ዘይቱ ይቀጥናል። ቀጥታ ቤንዚን የሚረጩ ትናንሽ ተርቦ ሞተሮች ላይ ይብሳል፣ እ.ኤ.አ. የ2017 እና የ2018 ሆንዳ ሲአር-ቪ 1.5 ተርቦ በዚሁ ችግር ስሙ ተነስቶ ሆንዳ ዋራንቲውን እስከማራዘም ደርሷል። መፍትሄው በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ሃይዌይ ላይ ማሞቅ ነው፣ ካልሆነም ማይሉን ሳትጠብቁ 6 ወር ላይ መቀየር።

የዘይት መክደኛው ስር እንደ ማዮኔዝ ያለ ነጭ ነገር ካያችሁም በብርድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የዚሁ ዘመድ ነው፣ እርጥበት ነው፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይሄዳል። ግን ኩላንቱም እየጎደለ ከሆነ ወይ ዲፕስቲኩ ላይ ያለው ራሱ ወተት ከመሰለ እሱ ሌላ ነው፣ አትንዱት፣ ቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ተቀይሮ ከወጣ በኋላ መኪናው ከበደ፣ ሽታ አመጣ

ይሄ በኔ ደርሷል። አንድ ፈጣን ዘይት ቀያሪ ጋ ገባሁ፣ ከመኪናው አትውረድ አሉኝ፣ አስር ደቂቃ ምናምን ጨረሱ። ማታ ቤት ፓርኪንግ ላይ ዲፕስቲኩን ሳወጣው ዘይቱ ከላይኛው ነጥብ አውራ ጣት ያህል አልፏል። ሪሲቱን አወጣሁ፣ 6 ኳርት ይላል፣ የኔ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ካምሪ የሚወስደው ከነፊልትሮው 4.8 ኳርት ነው። ዓይነቱም (የዘይቱ የውፍረት ቁጥር) 5ደብሊው-30፣ መክደኛው ላይ ግን በትልቁ 0ደብሊው-16 ተጽፏል፣ ሰውዬው መክደኛውን በእጁ ይዞት ሳያነበው! ዘይት ሲበዛ የሚሽከረከረው ዘንግ ይመታውና አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። በነጋታው ተመልሼ አስቀየርኩት። 0ደብሊው-16 ካጣችሁ ማኑዋሉ 0ደብሊው-20 ይፈቅዳል፣ በሚቀጥለው ግን ወደ 16 ትመለሳላችሁ። ጠርሙሱ ላይ ኤፒአይ ኤስፒ (API SP) የሚለው የጥራት ደረጃ ወይ ከዛ የበለጠ አዲስ ደረጃ ይኑረው፣ ብራንዱ ብዙም አያሳስብ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ከመውጣቴ በፊት እዛው ኮፈን አስከፍቼ አያለሁ፣ ሲታዘቡኝም ይታዘቡኝ። ቤት ስደርስም መሬቱን አያለሁ፣ የኮፓው ቡሎን ሮንዴላ ሳይቀየር ከቀረ ወይ የድሮው ፊልትሮ ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከላዩ ከታሰረ ይንጠባጠባል።

ቀይዋ የዘይት ጣሳ በራች

ይሄ ግፊት ነው፣ ማስታወሻ አይደለም። ወደ ዳር ውጡ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ለኩ። ጎድሎ ከሆነ ጨምራችሁ ካስነሳችሁ በኋላ ካልጠፋች ወዲያው አጥፉና ጎታች ጥሩ። "ቤት ቅርብ ነው" ብላችሁ አንድ ማይል አትንዱ፣ ያቺ አንድ ማይል ናት ሞተር የምታስቀይረው።

ዋራንቲው ጉዳይ፣ ዲለሩ እኔ ጋ ካልቀየርክ ይሰረዛል ካላችሁ አትስሙት፣ እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የአሜሪካ የዋራንቲ ህግ እንዲህ ያለውን አይፈቅድም፣ ዘይት መቀየሩን በነጻ የሚሰጣችሁ ካልሆነ በስተቀር። የትም ቀይሩ፣ ራሳችሁም ቀይሩ፣ ግን ማስረጃ ያዙ፦ ቀን፣ ማይል፣ የዘይቱ ዓይነት፣ ስንት ኳርት፣ የፊልትሮው ቁጥር። የሪሲት ቀለም ሙቀት መኪና ውስጥ በአንድ በጋ ይጠፋል፣ እኔ እዛው ቆሜ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ከጎኑ ኦዶሜትሩንም።