ተራራ፣ ጋራ፣ አምባ፣ ዳገት፦ ከፍ ያለን ስፍራ በስሙ ስለመጥራት

አማርኛ ተራራማ አገር ውስጥ ያደገ ቋንቋ ስለሆነ ለከፍታ ብዙ ስም አለው፤ ዛሬ ግን በጽሑፋችን ውስጥ ከፍ ያለ መሬት ሁሉ «ተራራ» እየተባለ ሌሎቹ ቃላት ሥራ ፈትተዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቃል የመሬቱን ቅርጽ ወይም የመንገደኛውን ድካም ለይቶ ይናገራል። ቃል ከመምረጥዎ በፊት ስፍራውን ከሩቅ እያዩት እንደሆነ ወይም እየሄዱበት እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ።

ከሩቅ የሚያዩት ከሆነ መጠኑ ይወስናል። ጥቂት እርምጃ ተራምደው አናቱ ላይ የሚቆሙበት «ጉብታ» ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው፣ ነገር ግን ብዙ ሳይደክሙ የሚወጡት «ኮረብታ» ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሽን ግን ተራራ እንጂ ሌላ ሊባል አይችልም። «ጋራ» በትርጉም ከተራራ ብዙም ባይለይም ለንግግርና ለግጥም ይቀርባል፤ «ከጋራው ማዶ» ሲባል ጆሮ የሚሰማው ናፍቆት «ከተራራው ማዶ» ሲባል ይቀንሳል። «ሸንተረር» ደግሞ ብቻውን የቆመ ከፍታ ሳይሆን እንደ መስመር ተዘርግቶ የሚሄድ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሆድ ላይ የሚወጣው መስመርም ሸንተረር መባሉ ቅርጹን በደንብ ያስረዳል።

«አምባ» ከሁሉም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አናቱ ጠፍጣፋ፣ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሆነ ከፍታ ነው አምባ የሚባለው፤ ስለዚህም እንደ ዝቋላ ያለውን፣ አናቱ ላይ ሐይቅ የያዘውን ተራራ አምባ ብሎ መጥራት አይገባም። በዚሁ ቅርጹ ምክንያት አምባ ምሽግም፣ እስር ቤትም፣ ገዳምም ሆኖ አገልግሏል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. የመጨረሻ ውጊያቸውን ያደረጉት መቅደላ አምባ ላይ ነው፤ ግሸንና ወህኒ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁባቸው አምቦች ነበሩ፤ «ወህኒ ቤት» ስንል ዛሬም የዚያን አምባ ስም እንጠራለን። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጡ ወንዶችም ገደሉን በጠፍር ገመድ እየተሳቡ ነው የሚያልፉት። ቃሉ ሰፍቶ መንደርን ወይም መኖሪያን ሲያመለክትም ትክክል ነው።

«ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። «የደብረ ዘይት ተራራ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ተራራን ሁለት ጊዜ ጠርቷል፤ በልማድ የጸና ስለሆነ በንግግር አይነቀፍም፤ በተጠነቀቀ ጽሑፍ ግን «ደብረ ዘይት» ይበቃል።

እየሄዱበት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። «አቀበት» እና «ቁልቁለት» የመንገድ ስሞች ናቸው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ አቀበት የነበረው መንገድ ማገዶ የተሸከመችው እናት ስትመለስበት ቁልቁለት ይሆናል። «ዳገት» ግን የመሬቱም ጠባይ ነው። «ዳገት ላይ ቤት ሠራ» ይባላል፤ «አቀበት ላይ ቤት ሠራ» ግን ለጆሮ አይጥምም። ኑሮ ሲከብድም «ዳገት ሆነብኝ» እንላለን። «ደጋ» ከእነዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ የአየር ጠባይና የከፍታ ስም እንጂ የጉብታ ስም አይደለምና። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ ሆና ሳለ ደጋ ናት።

የተራራን ክፍሎች ሲጠሩ ከሰው አካልና ከአልጋ የተወሰዱትን ቃላት ይጠቀሙ፦ ከታች «ግርጌ»፣ መካከሉ ላይ «ወገብ»፣ ከላይ «አናት»። መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ ገደል የሚያይበት ጠርዝ «አፋፍ» ነው። አንድ ጊዜ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የዘመድ ቤት ፈልጌ አንድን አዛውንት ስጠይቅ «አፋፉ ላይ ነው፣ ልጄ፤ ቆላው ሲታይህ ቁም» አሉኝ። ቆላው ሲታየኝ ቆምኩ፤ ቤቱ በስተቀኜ ነበር።