የአርማታ ግድግዳ ፎርምወርክ በፕላይውድ እንዴት ይሠራል?

ፎርምወርክ፣ ማለትም አርማታው እስኪጠጥር የሚይዘው የእንጨት ቅርጽ፣ የሚፈነዳው ከግርጌው ነው። እርጥብ አርማታ በሜትር ኩብ ወደ 2,400 ኪሎ ይመዝናል፤ እስኪጠጥር ድረስ ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ጎን ይገፋል። 1.20 ሜትር ከፍታ ያለው ሙሌት ከታች በካሬ ሜትር ወደ 2,900 ኪሎ ይገፋል ማለት ነው።

ለ4.88 ሜትር ርዝመት፣ ለ1.20 ከፍታና ለ20 ሳ.ሜ ውፍረት አራት ባለ 18 ሚሊ ፕላይውድ (1.22 በ2.44) ይበቃል። ሉሁን አጋድሙት፤ የላይኛው ገጽ ጅማት ከኋላው የሚቆሙትን ሞራሌዎች (ባለ አራት ማዕዘን እንጨቶች) አቋርጦ ካላለፈ ይጎብጣል። 5 በ7 ሞራሌ በየ30 ሳ.ሜ፣ ማለትም በአንድ ሉህ 9፣ ጠባቡ ጎኑ ፕላይውዱን ነክቶ 7 ሳ.ሜው ወደ ውጭ እንዲወጣ አቁማችሁ ምቱ።

ከዚያ በ20፣ በ60 እና በ100 ሳ.ሜ ከፍታ ጥንድ ጥንድ አግዳሚ እሰሩ፤ በጥንዱ መካከል ዘንግ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተው። ጎጃም ውስጥ ባህር ዛፍ እንደ ልብ ስለሚገኝ ብዙ ሰው አግዳሚውንም ከአጣና ይሠራዋል። ይህ ስህተት ነው። ክብ እንጨት ሞራሌውን የሚነካው በጉብታው ብቻ ነው፤ እርጥቡ ደግሞ ሲደርቅ ይጣመማል። አጣናው ለድጋፍ ይሁን፤ ለአግዳሚ በመጋዝ የተሰነጠቀና የደረቀ ሞራሌ ግዙ።

የሁለቱን ጎን ሉሆች ደራርባችሁ በየ60 ሳ.ሜ አንድ ላይ ብሱ። በ12 ሚሊ ባለ ጥርስ ዘንግ እሰሯቸው፤ ዘንጉን ልክ 20 ሳ.ሜ በተቆረጠ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት። ቱቦው ውፍረቱን ይጠብቃል፣ ዘንጉም ኋላ ይወጣል። ከዳዶው ስር 10 በ10 የብረት ሳህን አድርጉ፤ ትንሽ ሮንዴላ እንጨቱን በልቶ ይገባል።

ዘይት የሚቀባው ፌሮው ከመግባቱ በፊት፣ በስሱ ነው። ፌሮ ላይ የነካ ዘይት ከአርማታው ጋር እንዳይያያዝ ያደርጋል። አንዱን ጎን አቁሙ፣ ፌሮውን እሰሩ፣ ከዚያ ሌላውን ዝጉና በቱንቢ አቅኑ። ድጋፉን በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ ችካል ላይ አሳርፉት። እንደ ቢቸና ባለ የዋልካ መሬት ችካል በክረምት እየላላ ይነቀላል፤ ቢያንስ 60 ሳ.ሜ ቅበሩት፣ ከሙሌት በፊትም ወዝውዛችሁ ፈትኑት። የግርጌውን ክፍተት በስስ ጣውላ ድፈኑ፤ የሲሚንቶው ውሃ ከሾለከ ጠጠሩ ባዶውን ይቀራል።

ሙሌቱ ባለ 50 ኪሎ ወደ 8 ወይም 9 ከረጢት ሲሚንቶ ይፈጃል (1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር)። ዙሪያውን በ40 ሳ.ሜ ንብርብር ሙሉ እንጂ ከአንድ ጫፍ አትቆልሉ። ቫይብሬተሩ ካለፈው ንብርብር ውስጥ 10 ሳ.ሜ ያህል ይግባ፤ ከዚያ በላይ ከወረደ የጠጠረውን እንደገና አላልቶ ግፊቱን ይጨምራል። አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ የታችኛውን ረድፍ ዳዶዎች እየዞረ ይይ።

ባሕር ዳር በማግስቱ፣ እንጅባራ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከሁለት ቀን በኋላ ፍቱ። ግድግዳውን በእርጥብ ጆንያ 7 ቀን ሸፍኑ። ፕላይውዱን ጠርጋችሁ ጠርዙን ቀለም ቀቡት፤ ውሃ የሚጠጣውና የሚላጠው ከጠርዙ ነው።